ሥዕሉን ወደዳችሁት? ቤቱንስ አይታችሁታል?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅር ነው፤ ያውም ከሥዕል ስለያዘ ፍቅር።

ሁለት ጓደኞች አሉኝ። እጮኛሞች ሳሉ ያጠራቀሟትን ብር አራግፈው ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ከፈሉ። ቦታውን እሱ አንድ ቀን ሄዶ የቆርቆሮ አጥር አይቶ ተመልሷል። የወደዱት የሻጩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ነው። ሥዕል ስላችሁ ቁርጥ ፎቶግራፍ ነው የሚመስለው! ሰፊ ሳሎን፣ በመስኮት የምትገባ የጠዋት ፀሐይ፣ በረንዳ ላይ ቡና የምትጠጣ ሴት። እሷማ በስልኳ አንስታ ስንቴ እንዳሳየችኝ!

ተጋቡ፤ ቤቱም አለቀ። ሊያዩት ሲሄዱ እኔም ተከተልኩ። መስኮቱ አለ፤ በረንዳውም አለ። ፊት ለፊቱ ግን እጅ ለእጅ ለመጨባበጥ ምንም ያልቀረው የጎረቤት ፎቅ ተገትሯል። ፎቁ ደግሞ አዲስ አይደለም፣ ሥዕሉ ሲሠራም እዚያው ነበር። በሥዕሉ ላይ በፎቁ ፋንታ ሰማይና ዛፍ ነው ያለው። እሷ እዚያ ትንፍሽ አላለችም። "ቦታውን ያየኸው አንተ አይደለህ?" ያለችው ማታ ነው። ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ።

ነገሩ ቢያንገበግበኝ እንዲህ ያለ ሥዕል በኮምፒውተር የሚሠራ አንድ የሠፈሬን ልጅ ያዝኩት። ሥራውን "ሬንደር" ነው የሚሉት። "ሁለት ዓይነት ነው" አለኝ። "አንዱ ለማስረዳት ነው፤ ጥላው የት ይወድቃል፣ ደረጃው በየት ይወጣል የሚለውን ያሳያል። ሁለተኛው ለማስጎምጀት ነው። እሱን የሚያዘኝ ሰው 'አሳምርልኝ' ብቻ ነው የሚለኝ።"

ለማስረዳት የተሠራውን በምሳሌ ላሳያችሁ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 መንገዶቿ ብርሃን እንዳያጡ ብላ፣ ረጃጅም ፎቆች ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ውስጥ እየሸሹ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉን አንብቦ ሕንፃው ምን እንደሚመስል መገመት ግን ቀላል አልነበረም። ሂዩ ፌሪስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 በአራት ተከታታይ ሥዕሎች ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በመጀመሪያው ላይ መስኮት እንኳን የለም። ሰው ግን ገባው። እኔም ሥዕል አይመር አልልም። ያማረው ሥዕል ጥያቄያችሁን ይመልሳል ወይስ ያስረሳችኋል? ቁም ነገሩ እሱ ነው።

እንግዲህ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ልኬት የተጻፈበትን ፕላን ጠይቁ። ሰፊ ሌንስ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል። የራሳችሁን አልጋና ሶፋ በሜትር ለክታችሁ ፕላኑ ላይ አስቀምጡት፤ መግባት አለመግባቱ ያኔ ይለያል።

ሁለተኛ፣ "ሰሜን በየት ነው?" በሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። መስኮቱ ወደ ሰሜን ብቻ የሆነ ሳሎን፣ በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ አይገባውም፤ ሥዕሉ የፈለገውን ያህል ቢያበራ!

ሦስተኛ፣ በሥዕሉ ላይ የሌለውን ፈልጉ። ጎረቤቱ የታል? የመብራት ምሰሶውስ? ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በአራቱም በኩል ዙሩት፤ በተለይ የእናንተ ቤት በሚዞርበት በኩል ቁሙ።

አራተኛ፣ በሥዕሉ ያያችሁት ካሬ ሜትርና የማጠናቀቂያ ዕቃ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። ማየት ማመን ነው ይባላል፤ ሥዕሉን ማየት ግን ቤቱን ማየት አይደለም።

ባልና ሚስቱስ? ታርቀዋል። ሥዕሉንም ከስልኳ አጥፍታዋለች። ባለፈው እሑድ ቡና ጠርተውኝ ስሄድ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ ሳሎናቸው ውስጥ መብራት በርቶ ነበር።

ቸር እንሰንብት።