ውዱ ነገር እርጋታው ነው

ርካሽ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «525 እጥፍ» አምኖ ቴሌስኮፕ የገዛ ወዳጅ አለኝ፤ መቆሚያው ስለሚወዛወዝ ጨረቃን እንኳ በወጉ አላየበትም። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን ነቅነቅ አድርጉት!

ወደ ጠፈር የሚኬደው ኮከብ ለመቅረብ ሳይሆን ከአየሩ በላይ ለመውጣት ነው። መንገዱም ረክሷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች፣ ጆርዲ ፑዊግ-ስዋሪና ቦብ ትዊግስ፣ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የኩብሳት፣ የትንሽ ሳተላይት፣ መስፈርት አወጡ፤ ዛሬ ተማሪዎች የገጣጠሙት ሳተላይት በሌላ ጭነት ላይ ተዳብሎ ይወጣል።

ፈተናው ከወጡ በኋላ መርጋት ነው። በካሜራው ላይ ያሉት የብርሃን መቀበያ ነጥቦች እኩል አይሠሩም፤ አንዱ ትንሽ ይበረታል፣ ሌላው ይደክማል። ሳተላይቱ ቅንጣት ታህል ከተነቃነቀ የኮከቡ ምስል ከነጥብ ወደ ነጥብ ይንሸራተታል፤ ያኔ ኮከቡ ሳይለወጥ ብርሃኑ የተለወጠ ይመስላል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተለቀቀችውን ትንሽ የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ አስቴሪያን፣ የምወዳት ለዚህ ነው። 10 በ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ናት፤ የጫማ ካርቶን በሏት። ገላዋን በሚሽከረከሩ ጎማዎች ታዞራለች፤ የቀረውን ንቅናቄ ደግሞ ካሜራውን ራሱን እያንሸራተተች ታርመዋለች። የማነጣጠር ስህተቷ ከአንድ ዲግሪ 1/7200ኛ ገደማ ነበር። የካሜራውንም ሙቀት በ0.01 ዲግሪ ልክ ትጠብቅ ነበር። በዚህ እርጋታ 41 የብርሃን ዓመት ርቃ ባለችው 55 ካንክሪ ፊት አንድ የታወቀ ፕላኔት ሲያልፍ ለየች፤ የኮከቧ ብርሃን የሚቀንሰው ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ለ90 ቀን ታስባ ሁለት ዓመት ሠራች።

«ከሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር መስታወት ጋር ምን ሊወዳደር?» ለሚለኝ መልሴ፣ ሃብል ወረፋ አለበት፤ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ለሳምንታት አይተከልም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የኦስትሪያ፣ የካናዳና የፖላንድ ብራይት ሳተላይቶች በ3 ሴንቲ ሜትር ሌንስ የሠሩት ይህንኑ ነው።

ሳተላይት ሊሠራ ያሰበ ጀማሪ ክበብ በጀት ይዞ ቢያማክረኝ፣ ሌንሱን ከገበያ ግዙ፣ ገንዘባችሁንና ጭንቀታችሁን ማነጣጠሪያው ላይ አውሉ እለዋለሁ።