ስዊትዘርላንድ ውስጥ የዕረፍት ጊዜ ቤት መግዛት የሚችለው ማን ነው?

በዙሪክ አቅራቢያ በምትገኘው ዲቲኮን የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአልፕስ ተራሮች የዕረፍት ጊዜ ቤት መግዛት ቢያስብ፣ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚታየው የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት ቆይታ በኋላ የሚገኘው "ሲ" ፈቃድ ያለው ሰው እንደ አገሬው ዜጋ ይገዛል። "ቢ" ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን የግዢ ፈቃድ ሳይጠይቅ መግዛት የሚችለው ራሱ በቋሚነት የሚኖርበትን ቤት ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1985 ጀምሮ የሚሠራበትና "ሌክስ ኮለር" በመባል የሚታወቀው ሕግ፣ ለውጭ ዜጎች የዕረፍት ጊዜ ቤት የሚፈቅደው በአንዳንድ ካንቶኖች የቱሪስት መዳረሻዎች ነው፤ ያውም በመላ አገሪቱ በዓመት ቢበዛ 1,500 ቤት። ዙሪክና ጄኔቫ ከእነዚህ ካንቶኖች ውስጥ የሉም።

ቤቱን "ሲ" ፈቃድ ባለው ዘመድ ስም መግዛት ቀላል መውጫ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ገንዘቡን የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑ ከተደረሰበት ውሉ ሊፈርስ፣ ተዋዋዮቹም በወንጀል ሊጠየቁ ይችላሉ።