ፓርኪንሰን በነርቭ ተከላ ዳነ፦ እውነት ወይስ ተረት?

«ጃፓኖች አዲስ ነርቭ ተክለው ፓርኪንሰንን አዳኑ» የሚለው ወሬ መሠረት አለው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የጁን ታካሃሺ ቡድን የጤነኛ ሰው የደም ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መልሶ፣ ከዚያ በፓርኪንሰን የሚጎድለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን እንዲያመነጭ አሳድጎ በሰባት ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ አኖረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ታተመ፤ ለሁለት ዓመት ከተመዘኑት ስድስቱ አራቱ ያለ መድኃኒት ሲታዩ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል፤ ከባድ ጉዳትም አልታየም። ደስ ይላል። «ዳኑ» የሚለው ግን የወሬው ጭማሪ ነው።

ተረት፦ የሞተው ነርቭ በነበረበት ቦታ አዲስ ይተካል።
እውነት፦ የሚተከለው ገና ችግኝ ነው፤ የጎለመሰ ነርቭ ቢነቀል አይጸድቅም። ቦታውም ሌላ ነው። ሕዋሶቹ የሚሞቱት በመካከለኛው አንጎል ጠቆር ባለች ስፍራ ሲሆን፣ ችግኙ የሚገባው ዶፓሚኑ ወደሚፈለግበት፣ ፑታመን ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያች ስፍራ እስከ ፑታመን ያለው መንገድ በአዋቂ አንጎል ውስጥ ለአዲስ የነርቭ ክር እጅግ ሩቅ ነው።

ተረት፦ በሽታው ይነቀላል።
እውነት፦ የሆድ ድርቀቱ፣ የማሽተት መጥፋቱ፣ የማስታወስ መድከሙ በዶፓሚን እጥረት ብቻ የመጡ አይደሉም። ሕዋሶቹን የሚገድለው ነገርም እዚያው አለ፦ ከዓመታት በፊት የፅንስ ሕዋስ የተተከለላቸው ሰዎች ሲሞቱ አንጎላቸው ቢመረመር፣ በአንዳንዱ ተተኪ ሕዋስ ውስጥ የበሽታው ምልክት ተገኝቷል።

ተረት፦ ሰውየው ከተሻለው ሕዋሱ ሠርቷል ማለት ነው።
እውነት፦ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የአሜሪካ ሙከራ ከ40 ሕመምተኞች ግማሾቹ የፅንስ ሕዋስ ሲተከልላቸው፣ የሌሎቹ የራስ ቅል ተበስቶ ምንም ሳይገባበት ተዘጋ። ጭካኔ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ቀፎኛል። ነገር ግን በኋላ እንደታየው፣ «ተተክሎልኛል» ብሎ ያመነ ሰው ባይተከልለትም ኑሮው እንደተሻለው ተናገረ። በእውነት ከተተከለላቸውም አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ተቀንሶላቸው እንኳ ሰውነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ይወራጭ ጀመር።

በኪዮቶው ሙከራ ለማነጻጸሪያ ቅሉ ብቻ የተበሳ ሰው አልነበረም። ከፅንስ ግንደ ሕዋስ የተሠራው ቤምዳኔፕሮሴል የተባለው የአሜሪካኖች ሕክምና ግን አሁን በሦስተኛው ምዕራፍ ሙከራው የሚመዘነው በዚሁ ባዶ ቀዶ ሕክምና ነው።