ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ወይስ አነስተኛ ኮሌጅ?

ከአንኮበርም ሆነ ከደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ተማሪ ስለ ምርጫው ሲጠየቅ፥ አስቀድሞ የሚጠራው ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ ነው። ስም ግን ብቻውን አያስተምርም።

ታላቁም ቢሆን ከትንሽ ተነሥቷል። በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ተማሪው ጥቂት ስለ ነበር ከመምህሩ ጋር በቅርብ ይተዋወቅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የዓለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጭምር ተጠቃለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የትምህርቱ ዓይነት በዛ፥ ቤተ መጻሕፍቱም ሰፋ፤ ተማሪና መምህር ግን ተራራቁ። ትርፉም ኪሣራውም ይኸው ነው።

በእኛ አገር የደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ አለ፤ ሥራው ጠባብ ቢሆን ዓላማው የታወቀ ነው፤ መምህር ለመሆን ለቈረጠ ይበቃዋል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሕክምናን ሳይቀር ያስተምራል፤ ስንቅም ከቤት ይደርሳል።

ስለዚህ ወንድሜ፥ እኅቴ፥ ከመምረጥህ፥ ከመምረጥሽ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ የምሻው ትምህርት በውነት አለ ወይ? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል? የጻፍሁትን አንብቦ የሚያርመኝ መምህር አገኛለሁ ወይ? መልሱን የሚያውቀው በዚያው ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ የዘለለ፥ ስሙን ይዞ ትምህርቱን ሊያጣ ይችላል።