በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ለየቲሙ ማን ይናገርለታል?



ውድ ለጋሾችና የየቲም ቤተሰቦች፤ የቲምን ስለ ማስተማር ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱና የዓመቱ ወጪ ነው። ይህ መሠረታዊ ጉዳይ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ሶደቃችሁን ይቀበላችሁ። ይሁን እንጂ ልጁ በትምህርት ገበታው ላይ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች ብዙዎቹ በገንዘብ የሚገዙ አይደሉም፤ ወላጆች ተቀምጠው በሚመክሩበት ስብሰባ የሚወሰኑ ናቸው። አባቱ የሞተበት ልጅስ በዚያ ስብሰባ ማን ይናገርለታል? በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን የሚኖሩ ቤተሰቦችን በማሰብ ይህን ጉዳይ ባጭሩ እናብራራለን።

የወላጅ መምህር ኅብረት ምንነት

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ያልተማከለና ኅብረተሰቡን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ያሳተፈ እንዲሆን አቅጣጫ ሰጠ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በየቀበሌውም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘረጋ። ኅብረቱ ከጊዜ በኋላ ተማሪዎችንም በማካተት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተብሏል። በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀምሮ ለትምህርት ቤቶች የድጎማ ገንዘብ መሰጠት ሲጀምር የኅብረቱ ኃላፊነት ከፍ አለ፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል አብሮ ማቀድና መከታተል ድርሻው ሆነ።

ኅብረቱ ከሚመክርባቸው ጉዳዮች መካከል የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ፣ ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰብ መዋጮ፣ የተማሪዎች መቅረትና ማቋረጥ፣ ሥነ ሥርዓት፣ እንዲሁም የውኃና የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ይገኙበታል።

ለየቲሙ ያለው ጥቅም

በመንግሥት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም፣ የኅብረተሰቡ መዋጮ በስብሰባ ይቆረጣል። ለሌላው ቀላል የሆነው መዋጮ የቲሞቿን ይዛ ለቀረች እናት ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል። እናቲቱ በስብሰባው ከተገኘች «ለየቲሞች ይቀነስ» ወይም «እኔ በጉልበቴ ላግዝ» ማለት ትችላለች። ካልተገኘች ግን ወሬውን የምትሰማው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ አካባቢ፣ ሽመና ስመ ጥር ሙያ ነው። ነገር ግን ልጆች ከትምህርታቸው ተነጥለው ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ እየተወሰዱ በሽመና ጉልበታቸው መበዝበዙ ለረጅም ዓመታት የታወቀ ችግር ነው። የሚከላከልለት አባት የሌለው ልጅ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በኅብረቱ ውስጥ የየቲሙን ቤት የሚያውቅ ሰው ካለ ግን ልጁ ለቀናት ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ያለ ምክክር የተወሰነ ጉዳይ

ወላጅ ሳይጠየቅ ስለ ልጆች ትምህርት ሲወሰን የሚሆነውን አካባቢያችን አይቶታል። አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ ዞን መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በማቀላቀል «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። በ1992 ዓ.ም. መጻሕፍቱ ወደ ክፍል ሲገቡ በተለይ በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። አስቀድሞ ከወላጆች ጋር መመካከር ከዚህ ሁሉ በእጅጉ በቀለለ ነበር።

መመካከር ለጋሞ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። «ዱቡሻ» በተባለው የአደባባይ ሸንጎ እስኪስማሙ ድረስ መነጋገር የቆየ ሥርዓቱ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ በቁጣ የወጡ ወጣቶችን በአርባ ምንጭ መመለሳቸው በመላው አገሪቱ ተደንቋል። ለእኛም ለሙስሊሞች ሹራ የዲናችን ክፍል ነው፤ 42ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የቀደመው ሸንጎ በአብዛኛው የወንዶች መድረክ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ግን ባሏ ለሞተባት እናትም ክፍት ነው።

የየቲም ወላጅ ማን ነው?

በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ የብዙ የቲሞች እናት በሕይወት አለች፤ በትምህርት ቤቱ ዘንድም ወላጅ እርሷ ናት። እናትም ከሌለች አያት፣ አጎት ወይም ሌላ አሳዳጊ በቦታዋ ይቆማል። ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመወለዳቸው በፊት አባታቸው ሞቱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን ዐብዱልሙጠሊብን አጥተው በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ እጅ አደጉ። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ስለ እርሳቸው የሚቆም ሰው አላጡም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አሳዳጊዎች ሆይ፤ ልጁን ስታስመዘግቡ ኃላፊው እናንተ መሆናችሁን አስመዝግቡ። የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ፤ በምርጫው ስትጠቆሙም አትሽሹ። ማንበብ አለመቻል ከመናገር አይከለክልም፤ ቃለ ጉባኤው ይነበብልን ማለት መብታችሁ ነው። ስብሰባው ከጁምዓ ሶላት ወይም ከገበያ ቀን ጋር ከተጋጨ አስቀድማችሁ በትሕትና ለርእሰ መምህሩ አሳውቁ።

ለጋሾች ሆይ፤ ስለምትረዱት የቲም ስትጠይቁ ከውጤት ካርዱ ጋር «አሳዳጊው በወላጆች ስብሰባ ተገኝቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቀን ሥራ የምታድር እናት አንድ ቀን ስብሰባ መዋሏ ያስቀርባታልና፣ የዚያን ቀን ገቢ መተካት ትንሽ የሚመስል ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

የቲም በእጃችን ያለ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።