«ነቀርሳ» ሲሏችሁ «የትኛው?» በሉ!



ባለፈው ወር አንድ የሰፈሬ ልጅ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ፋዘርን የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉት። ደግነቱ ስድስት ወር ኪኒን ውጦ ይድናል» አለኝ። እኔም «እግዜር ይመስገን» አልኩ።

ወረቀቱን ሳነበው ግን ክው አልኩ። ካንሰር ይላል! ለካስ ጉዱ ያለው ስሙ ላይ ነው። ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን፣ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በመድኃኒት ይድናል። ካንሰር ግን የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲራቡ የሚመጣ ነው፤ አይተላለፍም። ምልክታቸው ደግሞ ይመሳሰላል፦ የማይለቅ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ መክሳት።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ጨነቀኝ... ግን ነገርኩት። በማግስቱ አብሬው ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እኔ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የገባኝን ላካፍላችሁ።

የሳንባ ካንሰር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሐኪሞች «ስሞል ሴል» የሚሉት ነው። ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ አብዛኞቹ አጫሾች ናቸው። ቶሎ ስለሚሰራጭ ቀዶ ሕክምና እምብዛም አይሞከርም፤ ሕክምናው በዋናነት ኬሞቴራፒና ጨረር ነው።

ሁለተኛው «ነን ስሞል ሴል» ይባላል። አብዛኛው የሳንባ ካንሰር ይሄ ነው። በውስጡም ዓይነት አለው። «አዴኖካርሲኖማ» የሚባለው አጭሶ የማያውቀውንም ሰው ይይዛል። «ስኩዌመስ» የሚባለው ደግሞ በብዛት ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ዝግ ብለው ስለሚያድጉ፣ በጊዜ ከተደረሰባቸው የታመመው የሳንባ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ከተሰራጩ ግን ኬሞቴራፒና ጨረር ይመጣሉ። ዛሬ ዛሬ የዕጢው ዘረመል ተመርምሮ የሚሰጥ ኪኒን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒትም አለ። ዋጋው ግን አይጣል ነው!

እንግዲህ «ካንሰር ነው» ሲባል ልቅሶ ከመቀመጥ በፊት ሁለት ጥያቄ አለ፦ ዓይነቱ ምንድነው? ደረጃውስ ስንት ነው? ራጅ ብቻውን ዓይነቱን አይናገርም። ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ሕክምናውን የሚወስነው መልሱ ነው።

የልጁ አባት «ስኩዌመስ» ሆኖ ተገኘባቸው። ገና አልተሰራጨም፤ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘዋል።

ከሐኪሙ ዘንድ ስንወጣ ልጁ እንደ ልማዱ ሁለት ፍሬ ሲጋራ አውጥቶ አንዱን ዘረጋልኝ። እኔና እሱ ከአንድ ሱቅ በፍሬ እየገዛን ነው ያደግነው። ተያየን። የዚያን ዕለት አልለኮስነውም።

እኔ ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው። የእሱን ልጠይቀው እየፈራሁ ነው።

ቸር ያሰማን!