ዱቤ፣ ደብተርና ዲግሪ፦ ስለ ንግድና ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚባለውና እውነታው

ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ቀለም ያልቆጠረ ነጋዴ ምን ያህል ሒሳብ እንደሚችል ያያል። ከቆላው ግመልና ፍየል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። አንዱ ሻጭ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ አፋርኛ እየተሻገረ ዋጋ ይቆርጣል። እዚህ ያደገ ሰው “ንግድን ደግሞ ክፍል ውስጥ ማን ይማረዋል?” ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና በባቲ፣ በከሚሴና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ልጆች ንግድ፣ ማርኬቲንግና ቴክኖሎጂ ስለ መማራቸው፣ ትምህርቱን ይዘው ሥራ ቦታ ስለ መለማመዳቸው የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ዘወትር የምንሰማቸውን አምስት አባባሎች እንመርምር።

ተረት 1፦ “ሙያ የወደቀ ልጅ የሚገባበት ነው”

እውነታ፦ ይህ አባባል ከየትም አልመጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል ላይ ወንፊት አስቀመጠ። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ገባ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ተመደበ። ወላጅም “ሙያ” የሚለውን ቃል ከ“አልመጣለትም” ጋር አንድ ላይ ለመደው።

ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ግን ቀርቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ ይሰጣሉ። የሙያ ትምህርት ለአገሩም አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲከፈቱ ተማሪ የሚገባባቸው ሙያ ሊይዝ እንጂ ስለወደቀ አልነበረም። “አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ” የሚለው የድሮ ስምም ከቀለሙ ትምህርት ጎን ንግድ፣ እርሻ፣ የእጅ ሙያና የቤት አያያዝ ይሰጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ደሴ ላይ በትምህርት ቤት የታወቀው የወይዘሮ ስኂን ስም ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ይጠራበታል።

ቁጥሩንም እንይ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ምናምኑ ይህን ነጥብ በማያመጣበት አገር ሙያ ላይ “የወደቀ” ብሎ ታፔላ መለጠፍ ማንን እንደሚጠቅም መጠየቅ ይገባል።

ተረት 2፦ “ንግድ በደም ነው፤ በደብተር አይመጣም”

እውነታ፦ ድፍረቱና አፉ በደም ይመጣ ይሆናል። ሒሳቡ ግን ይማሩታል። ከቦርከና ወንዝ መስኖ የተለቀመ ቲማቲም ተቀብሎ የሚቸረችር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። 50 ኪሎ በ40 ብር ተቀበለ እንበል፤ ያወጣው 2,000 ብር ነው። በ50 ብር ሊሸጥ አስቧልና በልቡ 500 ብር አትርፏል። ማታ ሲያየው 5 ኪሎው ተጨፍልቋል። የቀረው 45 ኪሎ 2,250 ብር ይሆናል። ለባጃጅና ለተሸካሚ 100 ብር ከፍሏል። 3 ኪሎውን፣ ማለትም የ150 ብሩን፣ ለጎረቤት በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ ሳይመለስ ቀርቷል። ደምሩት፤ ትርፉ ዜሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመበት ጉልበት ገና አልተሰላም።

ይህ ልጅ መሸጥ ያውቃል። ያጣው ብልሽትን፣ ማጓጓዣን፣ ዱቤንና የራሱን ጉልበት ለየብቻ የሚጽፍበት አምድ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚለውን መምህሩ በኦሮምኛ “ቡኣ”፣ በአማርኛ “ትርፍ” እያለ ይህንኑ ቲማቲም ሰሌዳ ላይ ቢያወጣው ትምህርቱና ገበያው ይገናኛሉ።

ተረት 3፦ “ማርኬቲንግ ማለት ማስታወቂያ ነው”

እውነታ፦ ማስታወቂያ የመጨረሻው ትንሽ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ገዢው ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚፈልግ፣ በስንት፣ የትና መቼ እንደሚገዛ ማወቅ ይቀድማል። ማሾን ተመልከቱ። አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበት ማሾና ተበጥሮ የተለየ ማሾ አንድ ማሳ ላይ ቢበቅሉም ዋጋቸው አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚሸጥ እህል ናሙናው ታይቶ ደረጃ ይወጣለታል። ማበጠር፣ ደረቅ ቦታ ማከማቸት፣ ዋጋ ጠይቆ መሸጥ ሁሉ ማርኬቲንግ ነው።

የባቲ ፍየልም ሌላ ምስክር ነው። የቆዳ ነጋዴዎች ቆዳውን ለጥራቱ ሲሉ “ባቲ” ብለው በስሙ ይለዩታል። የከተማዋ ስም ያለ ምንም ማስታወቂያ ሰሌዳ የንግድ ምልክት ሆኗል ማለት ነው። ይህን ስም የሠራው ዕቃው ነው፤ ቆዳው በቢላ ተበሳስቶ ቢቀርብ ግን ስሙም አያድነውም።

ተረት 4፦ “ኮምፒውተር ሳይኖር ቴክኖሎጂ አይማሩም”

እውነታ፦ ግማሹ እውነት ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ የተደረደሩ ተማሪዎች ብዙ አይለምዱም። ኮድ መጻፍም በስልክ ብቻ አድካሚ ነው። ግን ጠቃሚ ቴክኖሎጂ ሁሉ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አልተቆለፈም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያን ኪስ ውስጥ አስገብቶታል። የሱቅ ልጅ የቀኑን የገቢ መልዕክቶች ከደብተሩ ጋር ቢያስተያይ፣ ሐሰተኛ የክፍያ መልዕክት እንዴት እንደሚለይ ቢማር፣ የዕቃ ዝርዝሩን በስልኩ ሠንጠረዥ ቢይዝ ቴክኖሎጂ እየተማረ ነው። ከዚያ ለሚያልፍ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግን፣ የዳታ ሳይንስንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስን መነሻ በነፃ ያስተምራል።

ተረት 5፦ “ሥራ ልምምድ ሻይ ማመላለስ ነው”

እውነታ፦ እንዲያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መሆን ግን የለበትም። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የትብብር ሥልጠና የሚባለው መርህ የሥልጠናውን 70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ በተቋም እንዲሰጥ ያለመ ነው። በመጨረሻም ሰልጣኙ የብቃት ምዘና ይቀመጣል። በተለምዶ “ሲኦሲ” የምንለው ማለት ነው። ሻይ ሲያመላለስ የከረመ ልጅ እዚያ ምዘና ላይ ይጋለጣል።

በሌላ በኩል “ልጄ አምስት ዓመት ሱቅ ውሏል፤ ልምድ አለው” የሚል ወላጅም ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው። ሱቅ መዋል ልምምድ የሚሆነው ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ሲያሳየው፣ የሠራው ሲጻፍ፣ የተሳሳተው ሲታረም ነው።

ዕድሜና ሰዓትም ድንበር አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም።

የልምምድ ቦታስ ከየት ይመጣል? ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቿንና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ ይዛ ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግን ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ለአርሶ አደር ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ልጅን ማደሪያ ወዳልታወቀበት መላክ፣ በተለይ ሴት ልጅን፣ የበለጠ ያስጨንቃል። ስለዚህ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አስፋልት ዳር ካሉት ሆቴሎች፣ ጋራዦች፣ የስልክ ጥገና ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጀመር ይሻላል።

ልጇ “ለልምምድ ልሄድ ነው” ሲላት እናት ልትጠይቅ የሚገባት ሦስት ነገር ነው። የሚያሳይህ ማነው? የሠራኸውን የት ትጽፋለህ? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ? ለሦስቱም መልስ ካለው ትሸኘው። ያ የቲማቲም ልጅም ነገ ጠዋት ከመቀበሉ በፊት የደብተሩን ገጽ በአራት አምድ ያስምር፦ ብልሽት፣ ማጓጓዣ፣ ዱቤ፣ ጉልበት። አራተኛውን አምድ እስካሁን ማንም አልጻፈለትም።